አንድ ሰዓት የሚቀድም ፋሲካ

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ንስሐ አባቴ «ቁጣሽን ሰው ላይ ከምታወርጂው ወረቀት ላይ አውርጂው» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ደብተሩ ይኸው። እስከ ፋሲካ ይበቃኝ እንደሆነ እንጃ።

ዛሬም ከጓሳ በኩል ነፋስ። የምቀዳበትን ስልክ በበግ ጠጉር ጠቅልዬ፣ በሩን በወፍራም የሱፍ ዝተት ጋርጄ፣ ዶሮዎቹን አስወጥቼ፣ ውሻውን አሳስሬ፣ የየኔታን ባለቤት እትዬ ጥሩሸዋን «ለዐሥር ደቂቃ ምንም አይውቀጡ፣ በእመቤቴ» ብዬ ለመንኩ፤ የዜማ መምህሩ የኔታ ገብረየሱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ ቆም አሉና «አለሽ?» አሉኝ።

የት እሄዳለሁ? ፊት ለፊታቸው ነው የተቀመጥኩት።

«አለሁ፣ የኔታ። ይቀጥሉ።»

ዛሬ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ። ቆጥሬያለሁ። ዐይናቸውን ጨፍነው ሲያዜሙ ቤቱ ባዶ የሆነ ይመስላቸዋል። ስልኩን ደግሞ አያምኑትም። «ይኼ ነገር ይስማ አይስማ በምን አውቃለሁ? አንቺ ስትመልሽልኝ ግን አውቃለሁ» ይላሉ። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ «አለሽ»ን መቁረጥ፣ «አለሁ»ን መቁረጥ፣ ሳላቸውን መቁረጥ። የተረፈው ተቀጣጥሎ ዛምቢያ ይሄዳል። እዚያ ያሉት ሰዎች የኔታ ሳይተነፍሱ የሚያዜሙ ፍጡር ሳይመስሏቸው አይቀሩም።

ከመሐል ሜዳ ከተማ እስከ የኔታ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል በእግር። መመለሻውም ያው ነው። ጾም ነው። እግሬ ዝሏል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ከማስተምርበት ክፍል ስወጣ የባንዳ ደብዳቤ ገብቶ አገኘሁት። ዳታው ዛሬ ይሠራል፤ ተመስገን።

ማን እንደሆነ ልጻፈው፣ ኋላ እኔም እንዳልረሳው። ማኅበራችን ዐሥራ ሁለት ሰው ነው። ዛምቢያ ውስጥ፣ ከዋናው ከተማ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ቦታ፣ የተጠመቁ ሠላሳ ሰባት ሰዎች አሉ። የሚጸልዩት በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ካህን የሚደርስላቸው በሁለት ወር አንዴ ነው። እኛ ከዚህ የምንልክላቸው የኔታን ነው፣ ማለቴ ድምፃቸውን። ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ የሚመልሰውን፣ ተሰጥዎውን፣ በየሳምንቱ ሐረግ በሐረግ ያስተምሯቸዋል። ግእዙን በፈረንጅ ፊደል የምጽፈው እኔ፣ በእንግሊዝኛ የማብራራው እኔ፣ የምቀዳው እኔ፣ የምልከው እኔ። ባንዳ የነሱ መምህር ነው።

ስሙን መጀመሪያ የነገርኳቸው ዕለት የኔታ መቋሚያቸውን ጥለው ተነሡ። «ባንዳ? ለባንዳ ነው ዜማ የማስተምረው? አባቴ በባንዳ ጥቆማ ነው የታሰረው!» «የኔታ፣ በዚያ አገር የጨዋ ስም ነው፤ እንደ አበበ ነው!» ሰሚ የለም። ሦስት ሳምንት አኮረፉኝ። ኋላ የክርስትና ስሙ ዓምደ ሚካኤል መሆኑን ሲሰሙ «ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም?» ብለው እኔን ተቆጡኝ።

ደብዳቤው የሚጀምረው እንደ ሁልጊዜው «ውድ ወንድም ጽናት» ብሎ ነው። ወንድም! ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድም ነኝ። አላረምኩትም። ምን ቸገረኝ።

የሚለው ይኼ ነው፦ ካህኑ ፋሲካን የሚቀድሰው ዋናው ከተማ ላሉት ነው፤ ወደ እነሱ አይመጣም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋሲካን ብቻቸውን ሊያድሩ ነው። ቅዳሴ የለም፣ ቁርባን የለም። ያላቸው ንባብና የትንሣኤው ዜማ ብቻ ነው። «ዜማውን ከአባታችን እንድንማር በጊዜ ላክልን። ሴቶቹ ከአሁኑ ለልጆቹ ነጭ ልብስ እየሰፉ ነው።»

ይህስ ቀላል ነው። ቅዳሜ እቀዳዋለሁ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ቀላል ነው ብዬ ነበር አይደል? ኧረ በስመ አብ!

«የኔታ፣ ዛሬ የፋሲካውን ነው የምንቀዳው» አልኩ፣ ስልኩን በጠጉሩ እየጠቀለልኩ።

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ቀኑን አልጠየቅኩሽም። ጾም አይደለም? ከበሮው ተሰቅሏል፤ ጸናጽሉ ተቀምጧል። ጌታ ሳይሰቀል ተነሣ ልበልልሽ?»

«ለማስተማር እኮ ነው፣ የኔታ። እነሱ ጊዜው እስኪደርስ ያጠኑታል እንጂ አይዘምሩትም።»

«እነሱ ባይዘምሩትም እኔ ልዘምረው ነው። በዚህ አፍ ነው የሚወጣው። በሑዳዴ ይኼ አፍ ፋሲካ አይልም።»

«ተማሪ ሳሉ እንዴት አጠኑት ታዲያ?»

«በሃምሳው ቀን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ። የኔታዬ ከዚያ በፊት አንድ ቃል አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እኛ እንዳንቺ አንጣደፍም ነበር።»

ለመንኩ። ነጩን ልብስ ነገርኳቸው። ሠላሳ ሰባቱን ሰው ነገርኳቸው። አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። እትዬ ጥሩሸዋ ከጓዳ ሆነው «አንዴ አይሆንም ካሉ እግዜርም ቢመጣ አይሆንም፤ ልጄ፣ ይልቅ ቆሎ ብዪ» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ለመብላት ትዕግሥት አልነበረኝም። ቆሎውን በመሐረቤ ቋጥሬ መንገድ ወጣሁ።

ይኼን ሁሉ መንገድ ለምን እንደምመላለስ ለራሴም አይገባኝም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ክፍል አለኝ፣ በፍጥነት። ለሽመክት ጻፍኩ። ማኅበራችን ወደ ዛምቢያ የላከው ዲያቆን ነው፣ ዜማውን ያውቃል፣ ያለውም እዚያው ዋናው ከተማ ነው። አምስት ደቂቃ ቀድቶ ቢልክላቸው ነገሩ አለቀ። «ነገ እልክላቸዋለሁ እህቴ፣ አታስቢ» አለኝ።

ደግሞም ፎቶ ልኳል። ከአንድ ወንዝ ዳር። ነጠላው እንዴት ነጭ ነው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ሽመክት አልላከም። «ነገ።»

የኔታ ዛሬም የጾሙን ብቻ አዜሙ። «አለሽ?» ሰባት ጊዜ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

የማኅበሩ የመንፈቅ ሪፖርት ወጣ። ሰብሳቢያችን ወንድምአገኝ አንብቦ ሲጨርስ ሰው አጨበጨበ። ሦስት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ሽመክት ነው። «በባዕድ ምድር ወንጌልን ተሸክሞ» ይላል። የኔታ አንድ አንቀጽ አግኝተዋል፤ ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። ከዚያ መጨረሻ ላይ፦ «ሌሎች ተባባሪዎችንም እናመሰግናለን።»

ሌሎች። በርከት ያልን መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

አምና መስከረም ላይ አንድ ሰው ይላክ ሲባል እንግሊዝኛ የሚችለው ማን ነው ተባለና ሁሉም እኔን አየ። ሻንጣ ገዝቼ ነበር። ኋላ «ሴት ብቻዋን እንዴት» ተባለ፣ «ዲያቆን ቢሆን» ተባለ፣ ሽመክት ሄደ። የዘመሮ አገር ልጅ ነው፣ ጎበዝ ሰባኪ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ያ አለፈ። አልቀናሁም። ቅናት ቢሆን አውቀው ነበር። ሻንጣውን የክረምት ልብስ አስቀምጬበታለሁ፤ ለዚያም ይጠቅማል።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ደግሜ ጠየቅኳቸው። ደግመው እምቢ አሉኝ።

«ዓምደ ሚካኤል ይጠብቃል፣ የኔታ። በየሁለት ቀኑ ይጽፍልኛል።»

«ይጠብቅ። ፋሲካን መጠበቅ ነው ጾም ማለት።»

ስልኩን ከጠጉሩ ፈትቼ ተነሣሁ። በሩ ላይ ጫማዬን ሳስር እትዬ ጥሩሸዋ ውስጥ ሲናገሩ ሰማሁ፦ «አንቱ፣ ልጅቷ በየሳምንቱ ይኼን ሁሉ አቀበት የምትመጣው ለዜማው ብቻ ይመስልዎታል? እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቷ ማን አላት?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ቤቴ ሥራ አለኝ። የማርመው የስልሳ ልጅ ደብተር አለ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ነበር። ዩቲዩብ ላይ የፋሲካው ዜማ ሞልቷል፤ አንዱን ማውረድ፣ መላክ፣ መገላገል! ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ ስታወርድ አደረች፤ ጠዋት ላኩት።

ባንዳ ማታ መለሰ፦ «ወንድም ጽናት፣ ደስ ይላል። ግን ሃምሳ ሰው በአንድ ላይ ይዘምራል፣ ከበሮው ያይላል፤ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አልለየንም። ልጆቹም ይኼ አባታችን አይደለም አሉ። እሳቸውን እንጠብቃለን።»

አባታችን! አይተዋቸው አያውቁም እኮ።

እኔው ልዘምረው ብዬ ቀዳሁት። መልሼ ሰማሁት። አጠፋሁት። ስለዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አንነጋገርም።

ሽመክት፦ «ኧረ ረሳሁት! ነገ።»

መጋቢት 21፣ እሑድ

ገብር ኄር። አምስት መክሊት የተሰጠው አገልጋይ ወጣ፣ ወረደ፣ አተረፈ፣ «አንተ በጎ አገልጋይ» ተባለ። ሰባኪው ስለ ሽመክት ተናገረ፤ ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ከዓምዱ ኋላ ቆሜ ሳስብ የነበረው፣ ያ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ስንቁን የቋጠረለት ማን ነው የሚለውን ነበር። ስለሱ ማንም አይሰብክም። አንድ ሰው ግን ቋጥሮለታል፤ ያለ ስንቅ ወጥቶ የሚነግድ የለም።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ለማኅበሩ ሰብሳቢ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለብኝ የሥራ መደራረብ ምክንያት ከአገልግሎቴ እንድሰናበት…» ቀኑን ባዶ ተውኩት። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው።

ኃጢአት ይሁን አይሁን እንጃ። ደክሞኛል። ፋሲካ የሌላቸው ሠላሳ ሰባት ሰዎች አሉ፣ አንድ ሽማግሌ ግግም ብለዋል፣ አንድ ዲያቆን ነገ ነገ ይላል፣ መሐል ላይ እኔ ወዲያና ወዲህ። ዛሬ ስለ ጸሎት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም፤ ስቆጣ ዋልኩ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

አንድ ነገር ሆነ።

ስደርስ የኔታ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሳልቀመጥ «ያ አገር ፀሐይ ስንት ሰዓት ትወጣለታለች?» አሉኝ።

«ከኛ አንድ ሰዓት ዘግይታ ነው መሰለኝ። እነሱ ስድስት ሰዓት ሲሉ እኛ ሰባት ነን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ እንጂ የጂኦግራፊ አይደለሁም» ብዬ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። አንድ ሰዓት። አተኩረው አዩት፤ ቁጥሩ ይታያቸው አይታያቸው እግዜር ይወቅ።

«እንግዲያው ፋሲካ እዚህ ቀድሞ ይገባል» አሉ። «እኛ ጌታ ተነሣ ስንል እነሱ ገና ቅዳሜ ላይ ናቸው። ያንጊዜ እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትልኪያለሽ። እኔም በሑዳዴ ፋሲካ አላልኩ፤ እነሱም ሳይደርስ አልሰሙ… ማለቴ ትንሽ ቢሰሙ ምንም አይደል፣ ለዐሥር ደቂቃ ፈጣሪ ይተዋል።»

እትዬ ጥሩሸዋ በሹክሹክታ «ስድስት ሌሊት አልተኙም፣ ስለዚሁ ሲያወጡ ሲያወርዱ» አሉኝ።

እኔ ግን አላመሰገንኳቸውም። «የኔታ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ? እዚህ ኔትወርክ የለም እኮ! ኔትወርክ ያለው ከደብራችሁ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት አቀበት ነው። በሌሊት። በፋሲካ ሌሊት!»

«ምነው፣ እግር የለሽም?» አሉኝ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ለባንዳ ጻፍኩ። «እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይደርሳችኋል፤ ነቅታችሁ ጠብቁ።» መልሱ አንድ ቃል ብቻ፦ «አሜን።»

አምነውኛል። ባያምኑኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሰሙነ ሕማማት። ስግደት። ጉልበቴ። ዳታ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ጉብታውን ለመሞከር ወጣሁ። ሃያ ስምንት ደቂቃ። ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቼ ስዞር በግ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ኔትወርኩ አለ፣ ዳታው የለም። ሽመክት አልላከም። ከእንግዲህ አልጠይቀውም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ዳታው መጣ! ለስንት ሰዓት እንደሆነ ማን ያውቃል። የስልኩ ባትሪ ሞልቷል። ንስሐ ገብቻለሁ፤ ዛሬ ሌሊት እቆርባለሁ። ቄጤማዬን ግንባሬ ላይ አስሬያለሁ። አሁን ወደ የኔታ ደብር እወጣለሁ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ከእንቅልፌ የነቃሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁሉንም ሳልረሳው ልጻፈው።

ደብሩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ጧፉ ሁሉ በርቶ፣ ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ትንሣኤው ተበሠረ። ሃምሳ አምስት ቀን የተሰቀለው ከበሮ ወረደ፤ እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። እኔ አላለቀስኩም፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ስድስት ከዐሥር ላይ የኔታ መቋሚያቸውን ለሌላ ሰጥተው በወንዶች በኩል ወጡ። እኔ በሴቶች በኩል ወጣሁ። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተገናኘን። ስልኩን በጠጉሩ ያዝኩት። ዐይናቸውን ጨፈኑ።

በሕይወቴ እንደዚያ ሲያዜሙ ሰምቻቸው አላውቅም። ጾሙን ሙሉ ፋሲካውን ጉሮሯቸው ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል።

ከዚያ ሦስተኛው ሐረግ ላይ፦ «አለሽ?»

ዝም አልኩ፤ እንዳይበላሽ።

«አለሽ?»

«አለሁ» አልኩ ቀስ ብዬ። ከበሮው እየመታ ነው፣ አልሰሙኝም።

«አለሽ ወይ?»

«አለሁ! አለሁ አልኩ እኮ የኔታ!» ጮህኩ። በፋሲካ ሌሊት፣ በደጀ ሰላም ውስጥ፣ በሰባ ስምንት ዓመት መሪጌታ ላይ ጮህኩ። እሳቸው ምንም ሳይመስላቸው ቀጠሉ። እስኪጨርሱ ድረስ ልክ በየሐረጉ ጠየቁኝ፤ ልክ በየሐረጉ እየጮህኩ መለስኩ።

ከደጀ ሰላሙ ስወጣ እትዬ ጥሩሸዋ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። «ብቻሽን ጅብ ይብላሽ?» ብለው ቀድመውኝ ወጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔ ነኝ እያለከለክሁ የተከተልኳቸው። ከታች ከበሮው ይሰማል። አናት ላይ ስንደርስ ስድስት ከአርባ ሦስት ነው። መቁረጫ ጊዜ የለም። እንዳለ ላክሁት። ስልኩ ላይ የመላኪያዋ ክብ መዞር ጀመረች።

«ሄደ?» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«አልሄደም፣ እትዬ!»

«እንግዲያው እስኪሄድ እንኳን አደረሰሽ እንባባል» አሉና ሦስት ጊዜ ጉንጬን ሳሙኝ። ጋቢያቸው ቄጤማ ቄጤማ ይሸታል። ቅዝቃዜው ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስድስት ከሃምሳ ስድስት ላይ ሄደ። ደርሶ ይሁን አይሁን ሳላይ ዳታው ተቋረጠ።

ስንወርድ መንገዱ ጨለማና ድንጋይ ነው። እትዬ ጥሩሸዋ አንዴ ወደቁ፣ እየረገሙ ተነሡ፣ «በፋሲካ ስለረገምኩ ይቅር በለኝ» አሉ። ቀስ እያልን ስንደርስ ቆራቢው ሁሉ ጨርሶ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ቆሟል። አለፈኝ። ምንም አይደል። ቁርባን በሃምሳውም ቀን አለ። ምንም አይደለም ብያለሁ።

እትዬ ጥሩሸዋ ሲፈሰክ ዳቧቸውን ለሁለት ቆርሰው ሰጡኝ። እሱን ስበላ ነው ያለቀስኩት፤ ረኃብ ነው።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ዳታ የለም።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ዳታ የለም። ወንድምአገኝ መንገድ ላይ አገኘኝ። በመደበኛ ስልክ ከሽመክት ጋር አውርቶ ፊቱ በርቷል። «ዋናው ከተማ ላይ ፋሲካውን እንዴት አድርገው አከበሩት መሰለሽ!»

«እነዚያስ?» አልኩት።

«የትኞቹ?»

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤው ላይ ቀን ጻፍኩበት፣ ፈረምኩበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሰጠዋለሁ። ከዚያ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የላክሁት ደርሷቸው ከሆነ፣ የሰሙት የኔታን ብቻ አይደለም። እኔ ስጮህም ሰምተዋል። ደርሷቸው ካልሆነ ደግሞ ነጭ ልብስ ለብሰው እስኪነጋ ጠብቀዋል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ፣ ዳግማይ ትንሣኤ

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ተንጫጫ። ዳታ። የባንዳ ቪዲዮ ነው፤ አራት ደቂቃ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እስኪወርድ ጠበቅኩ፤ ወንድምአገኝ «ምን ሆንሽ፣ ስብሰባ አትገቢም?» ሲለኝ በእጄ ሂድ አልኩት።

ክፍሉ ውስጥ ሻማ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፣ ሁሉም ነጭ በነጭ። ፊት ለፊት ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ እኔ የጻፍኩት ግእዝ በጠመኔ ተገልብጦበታል። ባንዳ፣ ረጅም ሰው ነው፣ አንድ ሐረግ ያዜማል፤ ሕዝቡ ይመልሳል። የኔታ ናቸው። የኔታ ድምፅ በሠላሳ ሰባት አፍ። ዜማው የሚሳብበት፣ የሚጣልበት፣ ሁሉ። አንደኛው ሐረግ። ሁለተኛው። ሦስተኛው።

ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ በአንድነት፣ በዜማ፦

«አለሽ?»

ሴቶቹ ዝም። ወንዶቹ ደግመው፦ «አለሽ?» ሴቶቹ በለሆሳስ፦ «አለሁ።» ወንዶቹ፦ «አለሽ ወይ?»

ሴቶቹ እጃቸውን አንሥተው፣ በሙሉ ጉሮሯቸው፦ «አለሁ! አለሁ አልኩ እኮ የኔታ!»

ቁጣዬን እንኳ አልረሱትም። «እኮ» ላይ ልክ እንደኔ ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ወደ አራተኛው ሐረግ አለፉ፤ በየሐረጉ ወንዶቹ ይጠይቃሉ፣ ሴቶቹ ይመልሳሉ። አንዲት አሮጊት ከፊት ቆመው፣ አለሁ ባሉ ቁጥር ደረታቸውን ይመታሉ።

ሳቅኩ፤ መሳቄን እንጃ። ሰው ዞሮ አየኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ደብዳቤው ከሥሩ ነው። «ውድ እህት ጽናት፣ እስከ ዛሬ ድምፅሽን ሰምተን ስለማናውቅ ወንድ መስለሽን ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልን። መዝሙሩ በደረሰ ጊዜ ሁላችንም ነቅተን ነበር። እስክናጠናው ፋሲካችንን አንድ ሰዓት አዘገየን። ወንዶች የአባታችንን፣ ሴቶች ያንቺን ያዙ። ከዚህ በፊት የላክሽልን ላይ ሴት የምትመልሰው ስላልነበረ ሴቶቹ እጅግ ደስ ብሏቸዋል። ቃሉ በጻፍሽልን ወረቀት ላይ የለም። ትርጉሙ ምንድን ነው?»

እንግሊዝኛ ሳስተምር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ማታውን ሙሉ ቁጭ ብዬ የዚህችን ቃል ትርጉም መጻፍ አቃተኝ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ለየኔታ አሰማኋቸው። እንደ ልማዳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «አለሽ» ላይ ሲደርስ ግንባራቸው ተቋጠረ። እትዬ ጥሩሸዋ ጓዳ ገብተው በነጠላቸው አፋቸውን አፍነው ሲስቁ ይሰማል።

«ዜማ ላይ የሌለ አይጨመርም» አሉ የኔታ በመጨረሻ። «ይታረማል። እስከ ጰራቅሊጦስ ጊዜ አለን። ቅጂ።»

ትክክል ናቸው። ስልኩን ጠቀለልኩ። ንጹሕ እንዲሆን ቃል እንኳ አልተነፍስም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ጀመሩ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው።

«አለሽ?»

ዝም።

«አለሽ?»

ዝም። የኔታ አቋረጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያላደረጉትን፣ መሐል ላይ ዐይናቸውን ገለጡ። የደነገጠ ሰው ፊት ነው። እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ነካ አደረጉ።

«አለሁ፣ የኔታ» አልኩ።

«እንዲያ በይኝ እንጂ!» አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

«አለሽ»ን ቆርጬ አውጥቼ የታረመውን ላክሁ። ዜማ ዜማ ነው። ለትርጉሙ የጻፍኩት ይኼን ብቻ ነው፦ «አባታችን ሲያዜሙ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰው መኖሩን ይጠይቁኛል። እኔ መኖሬን እነግራቸዋለሁ። ሌላ ትርጉም የለውም።»

የመልቀቂያው ደብዳቤ ጀርባው ባዶ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምንቀዳውን ግእዝ ጻፍኩበት። ወረቀት ውድ ነው።

አሁን ማታ ባንዳ መለሰ። የታረመውን እያጠኑት ነው፤ የኔታን ያመሰግናል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «እህት ጽናት፣ ከመዝሙሩ ውስጥ አውጥተነዋል። ነገር ግን ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ሴቶቹ ከጸሎት በኋላ ሲለያዩ፣ በየቤታቸው አጥር ላይም ሲተላለፉ፣ አንዷ ‹አለሽ?› ትላለች፣ ሌላዋ ‹አለሁ› ትላለች። ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት አለች፤ በየጠዋቱ በሯ ላይ ሄደው እንዲሁ ይጠይቋታል። ይኼንንስ እናርመው?»

«እሱን ተዉት» ብዬ ጻፍኩለት።